ነፃ ያደረገው ማነው?

እማዬ በነሐሴ መጀመሪያ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርጋ እኔ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ቴሌቪዥን አትመልከቺ፣ አታጎንብሺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ ተብላለች። ዳዊቷን እንኳ ማንበብ አልቻለችም። እሷ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። በሦስተኛው ቀን ጊዜው አልገፋ ሲላት፣ «እስኪ የወንድሜን ዘፈን አሰሙኝ» አለች።

የወንድሟ ዘፈን የምትለው፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ ግጥሙን የጻፉትን ዘፈን ነው። አጎቴ አስተማሪ ነበሩ። ቀን ሒሳብ ያስተምራሉ፤ ማታ ግጥም ይጽፋሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከጻፏቸው ግጥሞች ሦስቱ ተዘፍነው በካሴት ወጥተዋል። አንዱ በሠርግ ቤትም በታክሲም ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። ለእያንዳንዱ ግጥም አንድ ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ተቀበሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። ካረፉ 12 ዓመት ሆኗቸዋል።

ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ስልኬን ከእጄ ተቀበለና ጓደኛው በቴሌግራም የላከለትን የሙዚቃ ማውረጃ መተግበሪያ ጫነበት። የዘፋኙን ስም ጻፈ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ፤ ጀበናው ሳይፈላ ዘፈኑ ቤቱን ሞላው። እማዬ አንድ ዓይኗ እንደተሸፈነ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ግጥሙን ከሥር ከሥር ትከተል ጀመር። እንባ እንዳይቀድማት ፈራሁ፤ ዓይንሽን እንዳትነኪ ብለዋታል። ዘፈኑ መሐል ላይ ሲደርስ ግን አንድ የማናውቀው ሰው ድምፅ የድረ ገጽ ስም እየጠራ ገባበት።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች።

«ማስታወቂያ ነው እማማ።»

«ለዘፈኑ ስንት ከፈላችሁ?»

«አይከፈልም፤ ነፃ ነው።»

«ነፃ ያደረገው ማነው?»

ልጄ እኔን አየኝ። እኔ ጀበናውን አየሁ።

«ወንድሜ እንደሆነ የለም፤ እሱ አላደረገውም። ሚስቱን ጠይቃችኋት ነው?» አለች። በቁጣ አልነበረም። የሽንኩርት ዋጋ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ጥያቄው አልለቀቀኝም።

በማግሥቱ ለልጄ አንድ ሐሳብ አቀረብኩለት። እነዚህን ነፃ የማውረጃ ፕሮግራሞች ለአንድ ወር አብረን እንሞክራቸው፤ ነገር ግን ሕግ ሳንጥስ። ምን ያህል ሙዚቃ እንደምናገኝ እንይ። እሱ ደስ አለው። የምቀጣው መስሎት ነበር መሰለኝ።

ምክሬን «በእኛ ጊዜ እኮ» ብዬ ልጀምር ስል ግን አፌ ተያዘ። በእኛ ጊዜም ነበረ። በ1980ዎቹ ተማሪ ሳለሁ ባዶ ካሴት ገዝተን፣ የምንወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ዘርዝረን፣ ሰፈራችን ወዳለው ሙዚቃ ቤት እንሄድ ነበር። ባለሱቁ ዝርዝሩን ተቀብሎ «ነገ ማታ ኑ» ይለናል። ባለ 60 ደቂቃው 12፣ 13 ዘፈን ይይዛል፤ ባለ 90ው 20 ያህል። የመጨረሻው ዘፈን ክሩ አልቆ መሐል ላይ ሲቆረጥ የምንናደደው ንዴት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ለቀጂው ከፍለናል፤ ባዶውን ካሴት ለሸጠልንም ከፍለናል። ለዘፋኙ፣ ለዜማ ደራሲው፣ እንደ አጎቴ ላሉት የግጥም ደራሲዎች ግን አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም።

አጎቴ ቤታችን መጥተው እንዲህ ያስቀዳነውን ካሴት አብረውን ሰምተው ያውቃሉ። የራሳቸው ዘፈን ሲመጣ ፈገግ አሉና «ጥራቱ ጥሩ ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ያን ጊዜ የተደሰቱ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያ ፈገግታ ያሳፍረኛል። ይህንንም ለልጄ ነገርኩት። «ታዲያ አንቺም ሰርቀሻል ማለት ነው?» አለኝ። «ያን ጊዜ እንደዚያ ብለን አልጠራነውም» አልኩት። መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

ከዚያ አዋጁን ፈልጌ አነበብኩ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ከፈራሁት በላይ ግልጽ ሆኖ አገኘሁት። ሥራው ጥበቃ እንዲያገኝ የግድ መመዝገብ አያስፈልገውም፤ መጻፉ፣ መዘፈኑ ይበቃል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ካረፈ በኋላ ደግሞ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለወራሾቹም ይተላለፋል። ዘፋኙና ቅጂውን ያሳተመው ሰው ደግሞ የየራሳቸው የ50 ዓመት መብት አላቸው። አዋጁ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል፣ ባለመብቶች በማኅበር ተሰባስበው የሮያሊቲ ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገድ ተከፍቷል።

እኔ «አንድ ዘፈን» የምለው ነገር ለካ የአራት ሰው ማሳ ነው። ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ድምፁ የዘፋኙ፣ ቅጂው የአሳታሚው። አጎቴ ካረፉ 12 ዓመት ከሆነ፣ በግጥማቸው ላይ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ገና 38 ዓመት የሚሆን መብት አላቸው። ይህን ሳሰላ ልጄ፣ «ያኔ እኔ 51 ዓመቴ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ሙከራችንን የጀመርነው ስልኬ ላይ ከተጫነው መተግበሪያ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በየስልኩ ላይ ብዙ ዓይነት አለ። ፈቃዶቹን ከፍተን ስናይ የስልክ ቁጥሮቼን ዝርዝርና የጽሑፍ መልእክቶቼን ለማየት ፈቃድ ተሰጥቶታል። ሰጪው ልጄ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ «እሺ» እያለ ነው የጫነው። ዘፈን የሚያወርድ ነገር ባንክ የላከልኝን መልእክት ለምን ማንበብ ፈለገ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ከዚያም በላይ ስልኩን በከፈትኩ ቁጥር የማላውቀው ማስታወቂያ ፊቴ ላይ ይዘረጋል። በዚያው ዕለት አጠፋነው። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ሆነ፦ ከስልኩ መደበኛ የመተግበሪያ መደብር ውጪ በፋይል የሚመጣ «ነፃ» ነገር ዋጋውን በሌላ በኩል ይቀበላል።

ቀጥሎ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩትን ሞከርን። ከእነዚህ መካከል ምንም ማስታወቂያ የሌላቸው፣ ማንም ባለሙያ ውስጣቸውን ከፍቶ ሊያያቸው የሚችል ንጹሕ ፕሮግራሞች አሉ። የቪዲዮውን አድራሻ ስትሰጧቸው ድምፁን ነጥለው ያስቀምጡላችኋል። ፕሮግራሙ ራሱ ቢላዋ ማለት ነው፤ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይጎዳል። የራሳችሁን የልጅ ልደት ቪዲዮ ብታወርዱበት የሚከሳችሁ የለም። የሰው አልበም ብታወርዱበት ግን ሌላ ነው። ዩቲዩብም ቢሆን በአገልግሎት ውሉ ላይ፣ ራሱ ባዘጋጀው የማውረጃ መንገድ ወይም በፈቃድ ካልሆነ በቀር ማውረድን ይከለክላል። እኛ ሁላችን «ተስማምቻለሁ» የምትለውን የምንነካው ይህን ሳናነብ ነው።

ስለዚህ የእማዬን ጥያቄ መመሪያ አደረግነው። የምናወርደው ነገር ሁሉ ፊት ቆመን፣ «ነፃ ያደረገው ማነው?» እንላለን። ባለቤቱ ራሱ ነፃ ካደረገው ወይም የመብቱ ዘመን ካለቀ እንወስዳለን። ካልሆነ እንተዋለን።

በዚህ መመሪያ ስንሄድ ዓለም የጠበበብኝ መስሎኝ ነበር። ሆኖም ያልጠበቅኩት በር ተከፈተ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባል የፈቃድ ዓይነት አለ። የሙዚቃው ባለቤት ራሱ፣ «ስሜን እየጠቀሳችሁ ተጠቀሙበት» ወይም «ለንግድ አታውሉት» ወይም «አትለውጡት» ብሎ ሁኔታውን ጽፎ ሥራውን ይለቃል። ፍሪ ሙዚክ አርካይቭ በሚባለው ስብስብ ውስጥ በዚህ ዓይነት ፈቃድ የተለቀቀ በሺህ የሚቆጠር ሙዚቃ አለ። ሙዝኦፕን የሚባለው ደግሞ በጥንታዊው የአውሮፓ ሙዚቃ ላይ ያተኮረ ነው።

እዚህ ላይ ልጄን ያስገረመው ነገር ነበር። ቤትሆቨን የሞተው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የደረሰው ሙዚቃ የማንም ነው፤ ወይም የሁሉም ነው። ነገር ግን አንድ የዘመናችን ኦርኬስትራ ትናንት ቢጫወተውና ቢቀዳው፣ ያ ቅጂ የኦርኬስትራውና የቀራጩ ነው። ማሳው ነፃ ቢሆንም እህሉ የዘራው ሰው ነው። ለዚህ ነው ሙዝኦፕንን የመሰሉት ቦታዎች ቅጂው ራሱ ነፃ የሆነውን ለይተው የሚያቀርቡት።

ይህ ዕውቀት ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ልጄ በትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ውስጥ ስለ ሰፈራችን ወንዝ አጭር ቪዲዮ ሠርቶ ነበር። ከሥሩ አንድ የታወቀ የውጭ ዘፈን አስገባበትና ኢንተርኔት ላይ ሲጭነው፣ በመብት ጥያቄ ምክንያት ድምፁ ተዘግቶ ተመለሰለት። ሦስት ቀን አኩርፎ ነበር። አሁን አንድ ለስላሳ የፒያኖ ሙዚቃ ከነፃዎቹ መርጦ አስገባና በቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሙዚቀኛውን ስም ጻፈ። አልተዘጋበትም። ክፍል ውስጥ ሲያሳይም መምህሩ፣ «መጨረሻ ላይ የተጻፈው ስም የማነው?» ብለው ጠየቁት። አስረዳቸው። ያን ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነው የነገረኝ።

የድሮ ቅጂዎችም አሉ። በአሜሪካ ሕግ ከ1923 እ.ኤ.አ. በፊት የታተሙ የድምፅ ቅጂዎች ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥበቃ ወጥተዋል። የእኛ አገር የድምፅ ታሪክም ቢሆን ከዚያ ዘመን ይጀምራል፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ይህን ስነግራት እማዬ፣ «ያን ጊዜ የተቀረጸ እስከ ዛሬ ይሰማል?» ብላ ተገረመች። «ይሰማል» አልኳት። «እንግዲያ የወንድሜም አይጠፋም» አለች።

የወንድሟ ዘፈን ግን በነፃዎቹ ውስጥ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ ያሳተሟቸው የታወቁ ሸክላዎች እንኳ የቅጂያቸው 50 ዓመት ቢያልፍ፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ መብት ገና የቆመ ነው፤ ብዙዎቹ በሕይወት ያሉ ወይም በቅርብ ያረፉ ናቸውና። «የድሮ ዘፈን ስለሆነ የማንም ነው» የሚለው አባባል ስንቱን እንዳሳሳተ ያን ጊዜ ገባኝ።

በክፍያም ፈለግነው። ነፃ ካልሆነ ገዝቼ ላሰማት ብዬ ነበር። ዛሬ እንደ ድሮው ሰበብ የለንም፤ በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካን ጨምሮ ሙዚቀኞች ራሳቸው ያቋቋሙት አውታር ነበር፤ በኋላም ሰዋስው መጥቷል። ብዙ ዘፋኞችም የራሳቸው የዩቲዩብ ገጽ አላቸው፤ እዚያ ሳያወርዱ ማዳመጥ ያለ ክፍያ ነው፤ ለባለቤቱ ከማስታወቂያው ሊደርሰው ይችላል። ልጄ የሚወዳቸውን የዘመኑን ዘፈኖች በሙሉ በዚህ መንገድ አገኘናቸው። የአጎቴን ግን ያገኘነው በማይታወቁ ሰዎች ገጽ ላይ ብቻ ነው። ስድስት ቦታ ተጭኗል። በአንዱ ላይ የዘፋኙ ስም ተሳስቷል። በስድስቱም ላይ የግጥም ደራሲው ስም የለም።

መፍትሔውን ያመጣችው እማዬ ናት። «ካሴቱ እኮ አለኝ» አለች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንደክም ቆይታ። እቤቷ ሄደን ቁም ሣጥኗን ስንበረብር በነጠላ የተጠቀለለ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አገኘነው። ከሙዚቃ ቤት በዝርዝር የተቀዳ ሳይሆን ወንድሟ በራሳቸው እጅ ያመጡላት፣ ሽፋኑ የታተመ ዋናው ካሴት። ሽፋኑን ገልጠን በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን ልጄ አነበበ። «ግጥም» ከሚለው ፊት የአጎቴ ሙሉ ስም አለ። እማዬ በጣቷ ዳሰሰችው።

አዋጁ በአንቀጽ 9 ላይ፣ ታትሞ የወጣን ሥራ ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ መከልከል እንደማይችል ይደነግጋል፤ የባለመብቱን ተገቢ ጥቅም የሚጎዳ እስካልሆነ ድረስ። እኔ እንደገባኝ፣ እማዬ የራሷን ካሴት ለራሷ ጆሮ ወደ ኮምፒውተር ብትገለብጥ ከዚህ በላይ የተፈቀደ ነገር የለም።

ለዚህ የሚሆን እውነተኛ ነፃ ፕሮግራም አለ። ኦዳሲቲ ይባላል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠሪዎቹ ራሳቸው ለሁሉም ነፃ አድርገው የለቀቁት ነው። «ነፃ ያደረገው ማነው?» ለሚለው ጥያቄ የማያሻማ መልስ አለው።

ቤታችሁ ካሴት ያላችሁ አያቶች ብትሞክሩት ብዬ አሠራሩን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የቴፑን ጤንነት ማየት ነው። የእኛ ውስጡ ያለው ላስቲክ ላልቶ ዘፋኙን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ያስጎትተው ነበር፤ መርካቶ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ቀየረልን። ክሩ የሚነካውን የብረት ራስ በጥጥና በአልኮል ማጽዳት፣ የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ ማጥበቅ፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ መግቢያ ገመድ መዘርጋት፣ ከዚያ መቅጃውን መጫን ነው። የ30 ደቂቃ ገጽ 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ ማቻኮል አይቻልም። በኤምፒስሪ ሲቀመጥ አንዱ ገጽ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም።

የመጀመሪያው ቅጂያችን አስቂኝ ነበር። ልጄ የድምፅ ምንጩን መምረጥ ረስቶ ኮምፒውተሩ በገመዱ ፈንታ በራሱ ማይክ ቤቱን ሲቀዳ ኖሯል። ዘፈኑ ከሩቅ ይሰማል፤ ከላዩ ላይ የሙቀጫ ድምፅ፣ የጎረቤት ውሻና «በርበሬው ተሰጣ?» የሚል የእኔ ጩኸት። በሁለተኛው ሙከራ ድምፁን ከልክ በላይ ከፍቶት ተሰነጣጠቀ። በሦስተኛው ተሳካ። ፋይሉን ሲያስቀምጥ ፕሮግራሙ ስለ ዘፈኑ መግለጫ የሚሞላበት ሠንጠረዥ አመጣለት። የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ ዓመቱን ሞላ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ሽፋኑን አንሥቶ፣ አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ «ግጥም» ብሎ የአጎቴን ስም ከነአባታቸው ጻፈ። ስድስቱ ገጾች ላይ ያልነበረው ስም ማለት ነው።

ለአጎቴ ባለቤት ቢሾፍቱ ደወልኩላቸው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው» ብዬ ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥሎ ሳቁ። «ከሞተ ወዲህ ስለዚያ ግጥም ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚያ፣ «ለእኔም በፍላሽ አድርጊልኝ፤ እኔ ዘንድ ካሴቱ የለም» አሉ።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የግጥሙ ባለመብት ናቸው። ዜማው ግን የሌላ ሰው ነው፤ ድምፁም፣ ቅጂውም እንደዚሁ። አዋጁ የሚለው ደግሞ አንድ ቅጂ ነው። ለእሳቸው አልሰጥም ማለት ደግሞ እንዴት ይሆናል? መልስ ሳልሰጥ ወሬውን ሰምታ ሜሪላንድ ያለችው ታናሽ እህቴ ደወለች። «በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ጣይው፤ ሁሉም ይስማ» አለች። ግሩፑ ውስጥ 64 ሰው አለ። 64ቱ ደግሞ የየራሳቸው ግሩፕ አላቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰባተኛው የማይታወቅ ገጽ ላይ እንደማገኘው እርግጠኛ ነበርኩ።

«አልችልም» አልኳት።

«የገዛ አጎቴን ዘፈን?»

«የአጎታችን ግጥም፤ የሌላ ሰው ዜማ።»

«ሕግ አዋቂ ሆንሽብኝ እንግዲህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ለስድስት ቀን አልደወለችም። እኔም አብዝቼው ይሆን እያልኩ ተጨነቅኩ። ለአንድ የድሮ ዘፈን ከእህት ጋር መኮራረፍ ተገቢ ነው? ባለቤቴም፣ «ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ብታደርጊው ምን ነበረበት?» አለኝ። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ስላደረግን እኮ ነው አጎቴ ያን ፈገግታ ፈገግ ብለው የቀሩት። ይህን ግን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

እንደገና መንገዱን ያሳየችን እማዬ ናት። ዓይኗ ተፈቶላት፣ ደህና ማየት ጀምራለች። «ፍላሽ ምን ያደርጋል? ትምጣና አብረን እንስማ። ቡና የለም እንዴ?» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ከትልቋ ልጃቸው ጋር መጡ። ቄጤማው ተጎዘጎዘ፤ ፈንዲሻው ቀረበ። ልጄ ኮምፒውተሩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘ። ከመጀመሩ በፊት ግን፣ «እማማ፣ መጀመሪያ ይሄን እዩት» ብሎ ስሙ የተጻፈበትን ቦታ በትልልቅ ፊደል አሳያት። እትዬም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁለቱም ምንም አላሉም።

ዘፈኑ ሲጀመር ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት፤ በቪዲዮ። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ልጄን ስጠረጥረው ዓይኑን ሰበረ። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ አቆምኩላት። ከሜሪላንድ ሆና ፒጃማዋን እንደለበሰች አብራን ሰማች፤ እያለቀሰች ከእማዬ ጋር ተቀባበለች። ማንም የድረ ገጽ ስም እየጠራ መሐል አልገባም።

ይህኛው በአዋጁ ይፈቀዳል አይፈቀድም አልመረመርኩም። ልጄ ግን ሰነፍ ተማሪ አይደለም፤ እትዬን ሸኝተን ስንመለስ፣ «ማሚ፣ የዜማ ደራሲውንስ ቤተሰብ ማን ይጠይቅ?» አለኝ። ሽፋኑ ላይ ስማቸው አለ። እየፈለግናቸው ነው።